መጀመሪያ ፍሬንህን አሳየኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሳይክል

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከባቲና ከወልዲያ የመጡ ናቸው። የማንንም ስም አላወጣም፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያቸዋለሁ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ዳገት እንዴት እንደሚወጣ ነው። እኔ የምሰጋላችሁ ግን ለቁልቁለቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከደሴ፣ ሆጤ

«ጋሼ፣ ያገለገለ ባለ ማርሽ ሳይክል ገዝቻለሁ። ከጓደኛዬ ጋር በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ልንወርድ አስበናል። እናቴ ግን አብደሃል ወይ ትለኛለች። ይቻላል? ስንመለስስ ዳገቱን እንችለዋለን?»

ይቻላል። መጀመሪያ ግን ፍሬንህን አሳየኝ። እኛ አገር ሳይክል የሚገዛ ሰው ማርሹን ይቆጥራል፣ ቀለሙን ያያል፣ ወንበሩን ጫን ጫን ያደርጋል፤ የፍሬኑን ጎማ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን እምብዛም ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብትሆን እኔም ይህን ያህል አልጨቀጭቅህም ነበር። እዚህ ግን ከደሴ ወጥተህ ኮምቦልቻ እስክትገባ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። አብዛኛው ቁልቁለት ደግሞ ሐረጎ ላይ ተጠራቅሞ ነው የሚጠብቅህ።

600 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ላሳይህ። አንተና ሳይክልህ አብራችሁ 80 ኪሎ ብትሆኑ፣ ስትወርድ የሚለቀቀው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ቢሆን ከ1 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ለጎረቤት የሚተርፍ ቡና ማለት ነው። ከፊሉን ነፋሱ ይሸከምልሃል። የቀረውን የሚሸከሙት ጣት የማታክል የጎማ ቁራጭና የቸርኬው ጠርዝ ናቸው። ፍሬን ጨብጠህ ሳትለቅ ከላይ እስከ ታች ከወረድክ ቸርኬው እጅ የማያስነካ ይሆናል፤ ሲብስ ካላማዳሪው በሙቀቱ ሊፈነዳ ይችላል። በዚያ መንገድ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት የፊት ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሚከተል ለእናትህ አትንገራት።

ስለዚህ አያያዙ እንዲህ ነው። ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ልቀቀው፣ ይሂድ። ኩርባው ሲታይህ፣ ገና ሳትገባበት፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ፍጥነቱን ስበር፤ ኩርባው ውስጥ ስትገባ ልቀቅ። ቸርኬው የሚቀዘቅዘው በለቀቅክበት ጊዜ ነው። የፊት ፍሬን ይገለብጣል እያሉ የኋላውን ብቻ የሚይዙ ልጆች ብዙ ናቸው። ስትቆም ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚሄድ ሳይክሉን በትክክል የሚያቆመው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው በድንገት ከያዝከው፣ ወይም ጠጠርና እርጥበት ላይ ጨምቀህ ከያዝከው ነው። ሁለቱንም አብረህ ያዝ፣ መቀመጫህን ወደ ኋላ ሳብ አድርግ፣ ክንድህን አታድርቅ።

ከመውጣትህ በፊት ሦስት ነገር እይ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያለው ቦይ አልቆ ልሙጥ ከሆነ ቀይረው፤ ርካሽ ነው። ካቦው ጫፉ ላይ መበጣጠስ ከጀመረ እሱንም ቀይር። ከዚያ ፍሬኑን ጨብጠህ ሳይክሉን ወደ ፊት ግፋው፤ እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ከገባልህ ካቦው ይወጠር።

ሰዓቱን በተመለከተ በጠዋት እንነሳ ትሉ ይሆናል። ደሴና ሐረጎ በጠዋት ጉም ናቸው። እርጥብ ቸርኬ ላይ ፍሬን ስትይዝ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን መጥረግ ነው፤ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ በዚህ መሃል ብዙ ርቀት ሄደሃል። ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቁ፤ ሦስት ሰዓት ግድም ጥሩ ነው። ከባድ መኪና በከባድ ማርሽ ሲንፏቀቅ ብታገኝ ከኋላው ቆይ፤ ኩርባ ላይ አትቅደመው። ከታች የሚመጣው አይሱዙ ሲታጠፍ የአንተንም መንገድ ይዞ ነው የሚታጠፈው። ዝናብ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከገደሉ የሚንከባለል ጠጠር አስፋልቱ ዳር ላይ ተዘርግቶ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ የማልረሳው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባለው አካባቢ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ወፍራም ጎማ ሳይክሎችን ሰብስበው ተራራ ላይ ይወጡና በጠጠር መንገድ ይሽቀዳደሙ ጀመር። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ቁልቁለቱ 400 ሜትር ገደማ ነው። ሳይክሎቹ ፍሬናቸው ፔዳል ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ፣ ከኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተቀበረ ዓይነት ነበር። አንዴ ከወረዱ በኋላ ውስጡ ያለው ግራሶ በሙቀት ጨሶ ያልቅ ስለነበር፣ ከታች ሲደርሱ እምብርቱን ፈትተው ግራሶ እንደገና መጠቅጠቅ ነበረባቸው። ለመንገዱ ያወጡለትም ስም ከዚያ የመጣ ነው፤ «እንደገና ጠቅጥቅ» እንደማለት። ዛሬ ማውንቴን የምንለው ሳይክል ያደገው ከእነዚያ ልጆች ጨዋታ ነው። የዛሬው ሳይክልህ ከእነሱ በብዙ የተሻለ ፍሬን አለው። ቁልቁለቱ ግን የእኛው ይረዝማል።

ስለ መመለሻው አብሽር። ዳገት ሲደክምህ ወርደህ ትገፋለህ፤ ማንም አይስቅብህም፣ ቢስቅም ቆሞ ነው። ማርሽህን ግን እወቀው። ከፔዳሉ ጋር ካሉት ትንሿ 24 ጥርስ፣ ከኋላ ጎማው ካሉት ትልቋ 28 ጥርስ ከሆነች (ቁጠራቸው፣ የጀመርክበትን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርግበት)፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር ባለ 26 ጎማ ሳይክል 1 ሜትር ከ80 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል። ማርሽ የሌለው የድሮ ፊኒክስ በአንድ ዙር 5 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለሜዳ ንጉሥ ነው፣ ሐረጎ ላይ ግን ያስለቅሳል። ወደ ቀላሉ ማርሽ የምትገባው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። እግርህ ከተወጠረ በኋላ ማርሽ ስትቀይር ሰንሰለቱ ይንጋጋል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል።

ጓደኛህ የቆላ ሰው ከሆነ ታገሠው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። አንተ ተወልደህበት አይታወቅህም፤ እሱ ግን ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ያስታውስሃል።

ከኮምቦልቻ

«ቅዳሜና እሁድ በሳይክል እወጣለሁ። አስፋልቱ ሰለቸኝ፣ መኪናውም አስፈራኝ። ለሳይክል የሚሆን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የት አለ?»

ለሳይክል ተብሎ የተጠረገ መንገድ አትፈልግ፤ የገበያ መንገድ ፈልግ። የገበያ መንገድ ስልህ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሰው ብቻ የሚሄድበት አቋራጭ ነው፤ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ድንጋይ ለድንጋይ ነው፣ ለሳይክል አይሆንም። ሌላው የተጫነ አህያ የሚሄድበት ነው። አህያ ጭነት ይዛ ገደል አትወጣም፤ ዞራ ዞራ ለዘብ ያለውን ታገኛለች። አህያ የመረጠችውን መንገድ በሳይክል ሄደህ አትቆጭም። መንታ መንገድ ላይ ስትደርስ ፋንድያው ወደየት እንደሚበዛ እይ። መጽሔቱ ይህን ካተመልኝ እሰየው።

አንተ ያለህበት ቦታ ደግሞ የታደለ ነው። ከተማዋ ያረፈችው ሜዳ ላይ ነው፤ የቦርከናን ወንዝ ተከትለህ በማሳዎች መሃል ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ብትሄድ ጉልበት ሳትጨርስ ግማሽ ቀን ይሞላልሃል። ወደ ባቲ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ውሃ በእጥፍ ያዝ። ባቲ የምትደምቀው ሰኞ ስለሆነ ለሥራ ሰው አይመችም፤ በዓል ሰኞ ላይ ከዋለ ግን እንዳያመልጥህ። አንድ ነገር ልብ በል፦ በገበያ ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ገበያ፣ ከሰዓት ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ጎርፉን ተቃውመህ ከሄድክ ቀኑን ሙሉ እንደቆምክ ትውላለህ።

ሳይክልህን መኪና ላይ ጭነህ ደሴ ከወጣህ ወደ ገራዶ የሚወርደውን ሞክር፤ አትክልት የሚለማበት ሸለቆ ነው። ወደ ሰሜን ደግሞ ቦሩ ሜዳ አለልህ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ቦታ ነው፤ ለእግርህ እንደ ስሙ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ግን ብርድ አለው። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስትሄድ በአብዛኛው ትወርዳለህ፣ ስትመለስ ሒሳቡን ትከፍላለህ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት የነበረ፣ አሁን በየብስ የተያያዘ ስፍራ ላይ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም፤ ከሴት ጓደኞች ጋር ከሆንክ ይህን አስቀድመህ አስብበት። ሳይክሉንም ከበሩ ውጭ አቁመው።

ጊዜውን ካልመረጥክ መንገዱ ሁሉ ከንቱ ነው። በክረምትና በበልግ ዋልካ አፈር ውስጥ እንዳትገባ። ዋልካ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፣ ከጎማ ወደ ሹካው ይሞላል፣ ከዚያ ጎማው መዞር ያቆምና ሳይክሉን ተሸክመህ ትገባለህ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ምርጡ ጊዜ ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ አቧራው ገና አልበረታም። በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ የሚወቃበት ጊዜ ስለሆነ ሜዳ መስሎህ አውድማ ላይ አትግባ። የሰው እህል ነው።

ሌላው ሥርዓት ነው። አህያ ከኋላዋ ድምፅ አልባ ነገር ሲመጣባት ትደነግጣለች፤ ጭነቷን ከጣለች ጥፋቱ የአንተ ነው። ቃጭል አታቃጭል። ከሩቅ በአፍህ «እንደምን ዋላችሁ»፣ «ሰላም አለይኩም» በል፤ እነሱም አህያቸውን ይይዙልሃል፣ አንተም መልስ ይዘህ ታልፋለህ። እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ስታገኝ ወርደህ ዳር ያዝ። ውሻ ሲመጣ ሽሽት አትጀምር፤ እሱን የሚያሳብደው የሚሽከረከር ጎማ ነው። ውረድና ሳይክሉን በአንተና በእሱ መካከል አድርገህ በእግርህ ሂድ፤ አብዛኛው ውሻ ወዲያው ይሰለቸዋል። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ስለ መንገዱ ሰላም ከዚያው የመጣ ሰው ጠይቅ። በዚህ ዘመን ይህ የምክር ማሟያ አይደለም።

ስንቅ፦ በሶ። በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ በሃይላንድ ያዝ። ከተማ ውስጥ በውድ ከሚሸጠው የኃይል ከረሜላ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

ከሐይቅ

«እህት ነኝ፣ 22 ዓመቴ ነው። ሳይክል መንዳት ተምሬያለሁ። ረጅም ቀሚስና ሂጃብ ነው የምለብሰው። ቀሚሴ ሰንሰለት ውስጥ ይገባብኛል። ጎረቤቱም ያያል፣ ያወራል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ የቀሚሱ ነገር መፍትሔ አለው። ከመቀመጫው ፊት ያለው አግድም ብረት ዝቅ ያለውን፣ ሰው የሴት ሳይክል የሚለውን ዓይነት ፈልጊ፤ እግር ሳታነሺ ትወጪበታለሽ፣ ትወርጂበታለሽ። ሰንሰለቱ ሙሉ የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ይሁን። ሽፋን ከሌለው ላሜራ የሚሠራ ባለሙያ ይሠራልሻል። የኋላ ጎማውን የላይኛውን ክፍል ከሁለቱም ጎን በጠንካራ መረብ ወይም በጨርቅ ሸፍኚው፤ ቀሚስና የሂጃብ ጫፍ የሚጠመዱት ሰንሰለት ብቻ ላይ ሳይሆን ራጂ ላይም ነው። ከስር ሱሪ፣ ቀሚሱን ከጉልበት በታች ሰፋ ባለ ላስቲክ ያዝ ማድረግ፤ የሂጃቡን ጫፍ ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ልብስሽ ላይ ማያያዝ። ሄልሜት ካገኘሽ ስስ ሂጃብ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ከስር ትልቅ ጉትዬ ካለ ግን ወደ ፊት ይገፋዋል።

ስለ ወሬው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ሴቶች ሳይክል ላይ ሲወጡ ያልተባሉት ነገር የለም። ሐኪሞች ሳይቀሩ «የሳይክል ፊት» የሚል በሽታ አወጡላቸው፤ ሚዛን ለመጠበቅ ሲጨነቁ ፊታቸው ተጨማዶ ይቀራል ተባለ። ፊታቸው ደህና ሆነ፣ ወሬውም አለቀ፤ የተለወጠው ልብሱ ነው፣ ሰፋፊ ሱሪ መልበስ ጀመሩ። አንቺ ልብስሽን መለወጥ አያስፈልግሽም። ዳቦ ለመግዛት፣ ለአክስትሽ መልእክት ለማድረስ ንጂው። ሳይክል ሥራ ሲሠራ ያየ ጎረቤት ቶሎ ይለምደዋል። በሦስተኛው ሳምንት «እስኪ ይቺን ወደ ወፍጮ ቤት አድርሺልኝ» የሚል ይመጣል፤ ያኔ ቅርጫት ግጠሚበት።

ከባቲ

«ጎማዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈነዳል። ጎሚስታው ይለጥፈዋል፣ በማግሥቱ እዚያው ቦታ ያፈሳል። ወላሂ ልሸጠው ነው።»

አትሽጠው። እዚያው ቦታ የሚያፈስ ጎማ የሚለው ነገር አለ፦ እሾሁ አሁንም ውስጥ ነው። የግራር እሾህ ጎማውን በስቶ ሲገባ ጫፉ ተሰብሮ ይቀራል። ከውጭ አይታይም። ካላማዳሪው ይለጠፋል፣ ይገባል፣ ይነፋል፤ ያ ስባሪ ደግሞ እንደገና ይወጋዋል።

ራስህ ሥራው። ካላማዳሪውን ከማውጣትህ በፊት ቫልቮላው ከጎማው ጽሑፍ ጋር የት እንደተገጣጠመ ምልክት አድርግ፤ በኋላ ቀዳዳውን ስታገኝ እሾሁ ጎማው ላይ የት እንደሚገኝ ያንን ይዘህ ትለካለህ። ካላማዳሪውን ነፋ አድርገህ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየዞርክ ንከረው፤ አረፋ ከወጣበት ቦታ ላይ ጣትህን አድርግና በእስክሪብቶ ክበበው። አንድ ቀዳዳ አገኘሁ ብለህ አታቁም፣ ዙሩን ጨርስ። አድርቀው። በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈግፍገው፤ ያ የሚያብረቀርቀው ልባስ ካልተነሳ ምንም ነገር አይይዝም። ማስቲሹን ከጥፈቱ ሰፋ አድርገህ ስስ አድርገህ ቀባ። አሁን ጠብቅ። ሁሉም ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ይለጥፋል። ማብረቅረቁ ጠፍቶ፣ በጣትህ ጀርባ ስትነካው ሳይጣበቅ ሲቀር ነው የሚለጠፈው። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር አጥብቀህ ተጫነው።

ካላማዳሪው ሲደርቅ ጎማውን ውስጡን በጣትህ ጫፍ ዙሪያውን ዳስሰው፤ በቀስታ፣ ምክንያቱም እሾሁ አንተንም ይወጋል። ቀጭን ካልሲ እጅህ ላይ አጥልቀህ ብትዳስሰው ይሻላል፤ ክሩ ይያዝና ቦታውን ይነግርሃል። በወረንጦ ንቀለው።

ለመከላከል ደግሞ አሮጌ ካላማዳሪ በርዝመቱ ቀደህ በጎማውና በካላማዳሪው መካከል አንጥፈው። ሳይክሉ ትንሽ ይከብዳል፤ በባቲ መሬት ላይ ግን ያዋጣል። ነፋሱንም አታጉድል፤ የላላ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ይነክሰዋል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቀዳዳዎች ካገኘህ እሾህ ሳይሆን ይሄ ነው።

ከመርሳ

«መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሳይክል ይወዳሉ፣ ንባብ ግን አይወዱም። ስለ ሳይክል የሚነገራቸው ነገር ቢኖር በዚያ በኩል ልያዛቸው ብዬ ነበር።»

መምህር፣ ጥሩ መንገድ ይዘዋል። እኔም ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ያነበብኩት በኩሽኔታና በሰንሰለት መመሪያ ነው፤ ሰው ወደሚወደው ነገር ሲሆን መዝገበ ቃላት አይከብደውም።

ከፔዳሉ ይጀምሩላቸው፤ ማለትም ፔዳል ካልነበረበት ጊዜ። ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ማንሃይም ከተማ ውስጥ የሠራው ሁለት ጎማ ያለው የእንጨት መኪና ፔዳል አልነበረውም። ሰውየው ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሮጣል። ለምን ፈለሰፈው ለሚለው አንድ መላምት አለ፦ በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ በጋ ጠፋ፣ አዝመራው ከሸፈ፣ የፈረስ ቀለብ ተወደደ፤ ሰው ያለ ፈረስ መሄጃ ፈለገ። መላምት ነው ይበሏቸው፣ ይከራከሩበት። የድርቅ ዘመን ወሬ እየሰማ ያደገ የወሎ ልጅ በዚህ ላይ የሚናገረው አያጣም።

ፔዳል የመጣው በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ነው፤ በቀጥታ የፊት ጎማው ላይ ተገጠመ። እዚህ ላይ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ፔዳሉ ጎማው ላይ ከሆነና በአንድ ዙር ራቅ ብሎ መሄድ ቢፈለግ ምን ይደረጋል? መልሱ ጎማውን ማተለቅ ነው። ያ በሥዕል የሚያዩት የፊት ጎማው ሰው የሚያክል ሳይክል የመጣው ከዚህ ሒሳብ ነው እንጂ ከጉራ አይደለም። ሲወድቁበት ግን በራስ ነው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሁለቱን ጎማ ተቀራራቢ መጠን አድርጎ ኃይሉን በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ አሻገረው፤ የዛሬ ሳይክል ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። በ1888 ደግሞ ቤልፋስት ውስጥ የሚሠራ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል ብሎ በነፋስ የተሞላ ጎማ ሠራ። ተማሪዎችዎ ግቢ ውስጥ ሳይክል አምጥተው፣ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ በአንድ ዙር ፔዳል ስንት ሜትር እንደሄደ ይለኩ። ጥርስ ይቁጠሩ፣ ያካፍሉ። የሬሾ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ከአገራችን ደግሞ ይህን ይንገሯቸው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ የተሳተፈችው በአትሌቲክስና በሳይክል ብቻ ነበር። ገረመው ደንቦባ እዚያ ተወዳድሯል፣ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት ሮም ላይም ነበር። አበበን ሁሉም ያውቃል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ዙሮች አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። በ2025 የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ኪጋሊ ላይ ተካሄደ፤ አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጨዋታ ልጨምርልዎ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአውሮፓ ተነስታ በሳይክል ብቻዋን እስከ ህንድ የደረሰች አየርላንዳዊት ጸሐፊ ነበረች። በ1959 ዓ.ም. ወደ እኛ አገር ስትመጣ ግን ሳይክሏን ትታ በቅሎ ያዘች፤ ከሰሜን ተነስታ በላሊበላ በኩል እስከ አዲስ አበባ በእግሯ ሄደች። የሂማላያን በረዶ በሳይክል የደፈረች ሴት የእኛን ተራራ አይታ በቅሎ መምረጧን ለተማሪዎችዎ ሲነግሯቸው ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ የሚኮሩና የሚናደዱ። የተናደዱት ናቸው የእርስዎ ሳይክለኞች።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው። እንዲያድግበት ብዬ ትልቅ ሳይክል ልግዛለት?»

አይግዙለት። መቀመጫው ላይ ተቀምጦ የሁለቱም እግሩ ጣቶች መሬት ካልነኩ፣ እጁም ፍሬኑን በደንብ ካልጨበጠ ሳይክሉ ለእሱ አይደለም። እስኪያድግ ድረስ የሰፈር ኪራይ ሳይክል ይበቃዋል። በደሴ ቁልቁለት ላይ የሚያድግበት ሳይክል የሚባል ነገር የለም።

ከወልዲያ

«ተማሪ ነኝ። ሳይክሌን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ደሴ ስወስደው ማርሹ ተጣሞ ደረሰ። እንዴት ነው የሚጫነው?»

ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ የተጣመው በዚያ በኩል አስተኝተውት ነው። ከመጫኑ በፊት የኋላውን ማርሽ ወደ ትልቋ ጥርስ አስገባው፤ ያን ጊዜ ያ የተንጠለጠለው ክንድ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የመሪውን ቡሎን አላልተህ መሪውን ከሳይክሉ ጋር ትይዩ አድርገው፣ ፔዳሎቹን ንቀል፤ የግራው ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ገመዱን ጎማው ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ ሁለት ቦታ እሰር። ከላዩ ከረጢት እንዳይጭኑበት ራስህ ጣሪያው ላይ ወጥተህ የመጨረሻ ጫኝ ሁን። ከረዳቱ ጋር ሒሳብ የምትነጋገረው ሳይክሉ መሬት ላይ እያለ ነው፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።